9 ወር ከ2.5 ፈረስ ጉልበት ጋር፦ ለትንሿ ሸራ ጀልባዬ የገዛሁት ሞተር

የምኖረው ገላን ነው። ጀልባዬ ግን የምታድረው ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ነው። 4 ሜትር ተኩል የምትረዝም፣ ባለ አንድ ምሰሶ የፋይበር ግላስ ሸራ ጀልባ ናት። አሮጌዋን ከሰው ላይ ነው የገዛኋት። ሞተር አልነበራትም።

ሸራ እያላት ሞተር ምን ያደርግላታል ያለኝ ብዙ ነው። ባቦጋያ ላይ አንድ ከሰዓት የዋለ ሰው ይገባዋል። ሐይቁ የተኛው እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ዙሪያውን ገደል ነው። ነፋሱ ድንገት ይመጣል፣ ድንገት ይጠፋል። ሲጠፋ መሃል ላይ ትቀራላችሁ። መልህቅ ልጣል ብትሉ ጥልቀቱ እስከ 65 ሜትር ይደርሳል። በመጀመሪያው ወር ሁለቴ እየቀዘፍኩ ተመልሻለሁ። በሁለተኛው ልጄ አብራኝ ነበረች፣ መሽቶብን ነበር፣ በርዷታል። ሞተር ለመግዛት የቆረጥኩት ያን ማታ ነው።

በጀቴ ጠባብ ስለነበር አዲስ የሚታሰብ አልነበረም። ሳፈላልግ ሰው ሁሉ የሚያወራኝ ስለ ፈረስ ጉልበት ነው። «ጋሼ፣ 8 ፈረስ ከያዙ አይቆጭዎትም» ላለኝ ደላላ ቀብድ ልሰጥ ምንም አልቀረኝም። ደግነቱ ቁጭ ብዬ አሰላሁ። ለሸራ ጀልባ የተለመደው ስሌት ለ1 ቶን 4 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። የኔዋ ሁለት ሰውና ዕቃ ጭና ግማሽ ቶን አትሞላም። ስለዚህ 2 ፈረስ ይበቃታል። ደግሞ የእንዲህ ዓይነት ጀልባ ፍጥነት የሚወሰነው ውሃ ላይ በሚያርፈው ርዝመቷ ነው። በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ከደረሰች በኋላ ጉልበት ብትጨምሩላት ኋላዋ ይቀበራል፣ ቤንዚኑ ያልቃል፣ ፍጥነቷ ግን ያው ነው።

ማንም ያልነገረኝ ነገር የሞተሩ እግር፣ ማለትም ፕሮፔለሩን (ውሃ የሚገፋውን ተሽከርካሪ ክንፍ) ይዞ ወደ ውሃ የሚወርደው ክፍል ርዝመት ነው። አጭሩ 38፣ ረጅሙ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ስንዝር አይሞላም። ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ የገባኝ ላንጋኖ ላይ፣ አጭር እግር ሞተር በገጠመ የጓደኛዬ ጀልባ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በረታ፣ ሞገዱ ከፍ አለ። ጓደኛዬ ሸራውን ሊያወርድ ወደ ፊት ሲሄድ ኋላችን ብድግ አለ። ፕሮፔለሩ ከውሃ ወጣና ሞተሩ ጮኸ፤ ጀልባዋ ባለችበት ቀረች። ተመልሶ ሲቀመጥ ገፋን፣ እንደገና ሲሄድ ቆምን። ሸራው ግማሽ ወርዶ ግማሽ ተሰቅሎ ወደ ድንጋዩ እየተጠጋን ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አጭር እግር የሚል ነገር አላየሁም።

በመጨረሻ ያገለገለ የጃፓን ስሪት አገኘሁ። ባለ አራት ምት (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የማይቀላቀል)፣ 2.5 ፈረስ ጉልበት፣ ረጅም እግር፣ ክብደቱ 18 ኪሎ ገደማ። የአዲሱን ግማሽ ዋጋ ከፈልኩ።

ገላን ግቢዬ ውስጥ በርሜል ውሃ ሞልቼ፣ ሳንቃ አስሬ ሰቀልኩት። በአራተኛው ጉተታ ተነሳ። ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጋዝ ስሰጠው ይንተፋተፋል፣ ከዚያ ይጠፋል። ካንዴላውን ፈትቼ ሳየው ከሰል መስሏል፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ጥቀርሻው ወፍሮ ተያዘልኝ። የተታለልኩ መስሎኝ አንጀቴ ተቃጠለ።

አቃቂ ጄኔሬተር የሚጠግን ወጣት መካኒክ ጋ ወሰድኩት። ገና ሳይነካው «ጋሼ፣ ይሄ የባሕር ዳርቻ ሞተር ነው» አለኝ። ልክ ነበር። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተሩ የተስተካከለው ለባሕር ወለል አየር ነው። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ግን ያንኑ ያህል ይገባል፤ ስለዚህ አይነድም፣ ጥቀርሻ ይሆናል። ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ነሐስ አውጥቶ ቀዳዳዋ በጠበበች ቀየረልኝ። ካርቡሬተሩንም አጠበው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካንዴላውን ሳየው ቆንጆ ቡናማ ሆኗል።

የጠፋው ጉልበት ግን በማስተካከል አይመለስም። በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የኔ 2.5 ፈረስ እዚያ 2 ፈረስ ነው። ለኔ ጀልባ የሚበቃው ልክ ያ ነው። ነፋስ በሌለበት በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ትሄድልኛለች፤ በስልኬ ለክቼዋለሁ። እዚህ አገር ሞተር የሚገዛ ሰው ከተጻፈው ቁጥር ላይ አንድ አምስተኛውን ቀንሶ ያስብ።

ባለ ሁለት ምት ይቀላል፣ ይረክሳል፣ ለጥገናም አይከብድም። እኔ ግን ለባቦጋያ አልፈልገውም። ቤንዚኑና ዘይቱ ተቀላቅሎ ሳይነድ ከጭሱ ጋር ውሃው ውስጥ ይገባል። ሐይቁ ደግሞ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ልጆች ይዋኙበታል።

ያልወደድኩለትም አለ። የኋላ ማርሽ የለውም፤ ወደ ኋላ ለመሄድ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ታዞሩታላችሁ። መጀመሪያ ፎሌ ላይ ማድረጉን አትርሱ። ንዝረቱ ኃይለኛ ስለሆነ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጄ ይደነዝዛል፣ ማሰሪያ ብሎኖቹም ይላላሉ። ወፈር ባለ ገመድ ከጀልባዋ ጋር አስሬዋለሁ። 65 ሜትር ውሃ ውስጥ ቢገባ የሚያወጣልኝ የለም። መኪና ላይ ሲጫን ደግሞ መመሪያው በሚያሳየው ጎን ብቻ ነው የሚተኛው። አንዴ የእህቴ ልጅ በሌላው ጎን አስተኝቶት ዘይቱ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ግማሽ ቀን አስለፋን።

አባ ሳሙኤል ለቤቴ ይቀርባል። ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫ ግድቦች አንዱ ነው። በሰው ጀልባ አንድ ጊዜ ሞከርኩት። 10 ደቂቃ ሳይሞላ እንቦጩ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠመጠመ። ከሞተሩ ጎን የሚወረወረው ቀጭን የውሃ ክር ቀጥ አለ። ያ ክር ከቆመ ሞተሩ አይቀዘቅዝም፤ ወዲያው አጥፍቼ በመቅዘፊያ ወጣሁ። ያ ሁሉ ውሃ ደጃችን ላይ እንዲህ ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

ባቦጋያ ላይ ብቻ የሚቀር ሰው ቢጠይቀኝ የኤሌክትሪኩን ግዛ እለዋለሁ። ሐይቁ ትንሽ ነው፤ አንድ ጥሩ ባትሪ ዳር ያደርሳል፣ ከፍታም አይጎዳውም። እኔ ላንጋኖም ስለምሄድ ነው ቤንዚን የያዝኩት።

አሁን ክረምቱ ገብቷል። ቤንዚኑን ዘግቼ እስኪጠፋ አስነሳሁት፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረ ነገር የለም። የማርሹን ዘይት ቀየርኩ። ካንዴላ ሶማሌ ተራ ይገኛል፣ ውሃ የሚስበው የጎማ ክንፍ ግን እስካሁን አላገኘሁም። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ አለኝ፤ ሁለት እንዲያመጣልኝ የሞዴሉን ቁጥር ፎቶ አንስቼ ልኬለታለሁ። ሞተሩ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በሳንቃው ላይ ቀጥ ብሎ ተሰቅሎ መስከረምን ይጠብቃል።