ስምንት ወር ከሁለት ትራምፔት ጋር

የሁለት ትራምፔት ነፊዎችን የጃዝ ሲዲ መኪና ውስጥ መጀመሪያ የከፈትኩ ቀን እማዬ ከኋላ ወንበር «ደግሞ ማን ሞተ?» አለችኝ። አልፈርድባትም። እሷ የምታውቀው ጥሩምባ የዕድር ጥሩምባ ነው። ሊነጋጋ ሲል ነፊው ሰፈሩን ሲዞር ከአልጋ ብድግ ብሎ ጆሮ መስጠት ነው እንጂ ማጣጣም የለም።

«ዶክ ቺተም እና ኒኮላስ ፔይተን» ይባላል አልበሙ። እ.ኤ.አ. በ1996 ኒው ኦርሊየንስ ተቀርጾ በ1997 ቨርቭ የሚባል የሙዚቃ ኩባንያ አወጣው። በ3 ዶላር ነው የገዛሁት፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ እነዳለሁ፣ መኪናዬ ደግሞ ከሬዲዮና ከሲዲ ሌላ አታውቅም። ስለዚህ ስምንት ወር ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ሰምቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌው ዶክ ቺተም ሲቀረጹ 91 ዓመታቸው ነበር። ፔይተን ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ የኒው ኦርሊየንስ ልጅ። ሁለቱም ትራምፔት ነፊዎች ናቸው። ከኋላቸው ክላርኔት፣ ትሮምቦን፣ ፒያኖ፣ ጊታር፣ ቤዝና ከበሮ አለ። ዘፈኖቹ አብዛኞቹ የ1920ዎቹና የ1930ዎቹ ናቸው፣ ሽማግሌው ጎረምሳ ሆነው የኖሩበት ዘመን። እኚህ ሰው እኮ በ1920ዎቹ ቺካጎ ውስጥ ታላቁን ትራምፔት ነፊ ሉዊስ አርምስትሮንግን ተክተው የተጫወቱ ናቸው!

የመጀመሪያውን ወር በሐቅ ልናገር፤ የቱ ትራምፔት የማን እንደሆነ አልለይም ነበር። የወጣቱን ያሳመረውን ሁሉ ለሽማግሌው እየሰጠሁ አደንቅ ነበር። የገባኝ በድምፅ መቆጣጠሪያው ነው። የሆነ ቦታ ላይ እጄ ሳላስበው ወደ ቁልፉ ይሄዳል፣ ልቀንስ። ለካ እሱ ፔይተን ሲገባ ነው። ድምፁ ወፍራም፣ ክብ፣ ሙሉ ነው። የአርምስትሮንግን ስልት መከተሉ ያስታውቃል። ሽማግሌው ሲመጡ ደግሞ መስኮት እዘጋለሁ። ቀጭን ነው ድምፃቸው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ሦስት ኖታ ይሉና ዝም ይላሉ። ያቺ ዝምታ ናት የገደለችኝ። ትንፋሽ አጥሯቸው ይሆናል ብዬ ነበር። አሁን ግን አይመስለኝም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ኖታ ሁልጊዜ ልክ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ጨዋታ የሚያውቅ ሽማግሌ ወሬ መሀል ቡናውን ፉት እንደሚለው።

ብዙ ዘመናቸውን በትልልቅ ባንዶች ውስጥ መሪ ትራምፔት፣ ማለትም የትራምፔት ነፊዎቹን ክፍል የሚመራ ነፊ ሆነው ነው ያሳለፉት። በሶሎ፣ ማለትም ለብቻቸው ወጥተው በመጫወት፣ በደንብ የታወቁት ስድሳን ካለፉ በኋላ ነው። ከአልበሙ «ስታርደስት» የሚባለውን ዜማ ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል። ለዚያች ዜማ በ1998 ሁለቱም የግራሚ ሽልማት አግኝተዋል። ሽማግሌው ግን አልደረሱበትም፤ በጁን 1997 እዚሁ ዋሽንግተን አረፉ፣ 92 ሊሞላቸው ቀናት ሲቀሩ። ጆርጅታውን ሰፈር ብሉዝ አሊ የሚባል ክለብ ከፔይተን ጋር ሲጫወቱ ሰንብተው ነው። ክለቡ ዊስኮንሲን ጎዳና ላይ ገባ ብሎ ቀጭን መንገድ ውስጥ ነው። ስንቴ ሰው አውርጃለሁ እዚያ! ስለ ሽማግሌው ሳላውቅ።

ጉድለት አለው። ፈጣኖቹ ዘፈኖች ላይ ሁሉም በአንድ ላይ ይነፋሉ። በዚህ በድሮው የኒው ኦርሊየንስ ጃዝ ስልት ደንቡ ነው፣ ግን ሀይዌይ ላይ ከጎማ ድምፅ ጋር ሲደባለቅ ገንፎ ይሆናል። ትራፊክ ሲጨናነቅ ነው ጥሩ። ሽማግሌው ይዘፍናሉም፤ ድምፃቸው የሚያወራ ሰው ድምፅ ነው። መጀመሪያ እያለፍኩት ነበር። አሁን ግማሹን ለምጄዋለሁ፣ ግማሹን አሁንም አልፋለሁ። ደግሞ በአንድ ጉዞ ሁለቴ አይደገምም፤ ዘፈኖቹ ተመሳሳይ ጣዕም ስላላቸው ሁለተኛው ዙር ላይ ይሰለቻል። አዲስ ነገር ለሚፈልግ ሰው አልመክርም። ፔይተን ራሱ ሌላ ቦታ ከዚህ በጣም የራቀ ነገር ተጫውቷል።

ሲዲው ከወንበር ስር ወድቆ ስለተጫረ አሁን አንድ ቦታ ላይ ይዘላል። ለቤት ሌላ ገዛሁ፣ በ8 ዶላር። ከመጀመሪያው ይወደዳል፣ ግን አልቆጨኝም። እማዬ ከእኔ ጋር ናት አሁንም። እሑድ ሽንኩርት እየከተፈች፣ «በል እስቲ፣ ያንን ለቅሶህን ክፈተው» ትለኛለች።