ኮሌጅን በስድስት ዓመት ለጨረሰ ተማሪ፦ የኤኤኤምሲ ፊ አሲስታንስ ፕሮግራም

በሜሪላንድ የኮሌጅ ትምህርቴን የጨረስሁት በአራት ሳይሆን በስድስት ዓመት ነው። ሌሊቱን በአረጋውያን መጦሪያ በነርስ ረዳትነት ስሠራ አድሬ በማለዳ ወደ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላብራቶሪ እገባ ስለነበር፣ በሦስተኛው ዓመት ውጤቴ ማሽቆልቆል ሲጀምር በየሴሚስተሩ የምወስደውን ክሬዲት ቀነስሁ። አንድ የትምህርት አማካሪ "ከዘገየሽ ሜዲካል ስኩል አይቀበልሽም" ብለው አስጨንቀውኝ ነበር። ምክራቸው ትክክል አልነበረም። አብዛኞቹ ሜዲካል ስኩሎች በሚቀበሉት፣ አምካስ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ፣ ኮርሱ ቢደገም እንኳ የመጀመሪያው ዝቅተኛ ውጤት ከጂፒኤ ስሌቱ አይወጣም፤ ስለዚህ በችኮላ ከተበላሸ ትራንስክሪፕት በሁለት ዓመት የዘገየ ጥሩ ትራንስክሪፕት እጅግ ይሻላል።

በዚህ ረጅም መንገድ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ የአሜሪካ ሜዲካል ኮሌጆች ማኅበር፣ ማለትም ኤኤኤምሲ፣ የሚሰጠው ፊ አሲስታንስ ፕሮግራም (የክፍያ እገዛ) ነው። ፕሮግራሙ ኤምካት የተባለውን የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና ክፍያ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፣ የማኅበሩን የፈተና መለማመጃዎች በነፃ ይሰጣል፣ እስከ 20 ለሚደርሱ ትምህርት ቤቶችም የአምካስን ክፍያ ይሸፍናል። ለ20 ትምህርት ቤት ከኪስ ቢከፈል ከ1,000 ዶላር በላይ ይፈጅ ነበር። ከዜጎችና ከግሪን ካርድ ባለቤቶች ሌላ ጥገኝነት የተፈቀደላቸው ሰዎችም ማመልከት መቻላቸው ለእኛ ማኅበረሰብ ትልቅ ነገር ነው።

የገቢ ጣሪያው የፌዴራሉ የድህነት መስመር 400 በመቶ፣ ማለትም አራት እጥፍ፣ ስለሆነ፣ ሁለቱም ወላጆች የሚሠሩበት ቤተሰብ እንኳ ብዙ ጊዜ ያሟላል። ብዙ ጊዜ የወላጅ የታክስ ወረቀት ይጠየቃል። አባቴ ከታክሲ ሥራው ሲመለስ ወረቀቱን ከነፖስታው ማዕድ ቤት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ "ልጄ፣ ይኸው፤ የጎደለ ካለ ንገሪኝ" አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ "መቼ ነው የምትጨርሺው?" ሲል የኖረው አባቴ በዚያ ምሽት ያንን ጥያቄ አላነሣውም።

ኮሌጅ የሚያራዝም ሰው አጥብቆ ሊያስብበት የሚገባው የጊዜ ምርጫ ነው። እገዛው አስቀድሞ የተከፈለን ገንዘብ አይመልስም፤ ከጸደቀ በኋላም የሚያገለግለው እስከሚቀጥለው ዓመት ዲሴምበር 31 ድረስ ብቻ ነው። በዲሴምበር የጸደቀለት ተማሪ አንድ ዓመት ከጥቂት ቀናት ሲያገኝ፣ በጃንዋሪ የጸደቀለት ሁለት ዓመት ያህል ያገኛል። እኔ ባዮኬሚስትሪን እስክጨርስ ታግሼ በጃንዋሪ በማመልከቴ፣ መለማመጃውም ፈተናውም ማመልከቻውም በአንድ ፈቃድ ውስጥ ተጠቃለሉልኝ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ሦስት ዓመት ያለፈውን የኤምካት ውጤት ስለማይቀበሉ፣ ፈተናውንም ቢሆን ትምህርቱ ገና ሳይጋመስ መውሰድ አያዋጣም።

መለማመጃዎቹን በተመለከተ፣ ሙሉ ፈተናዎቹ ከሁሉ የላቁ ናቸው። እውነተኛው ፈተና ከነእረፍቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚወስድ፣ ከሥራ ነፃ በሆንሁባቸው ቅዳሜዎች ስልኬን ለእናቴ ሰጥቼ ከጠዋት ጀምሮ በሰዓቱ ልክ እሠራቸው ነበር። በንባብ ክፍሉ የምሳሳተው ቋንቋው ከብዶኝ ሳይሆን ከጽሑፉ ይልቅ የራሴን ሐሳብ ይዤ ስለምመልስ መሆኑን ያወቅሁት በእነዚህ ቅዳሜዎች ነው።

ፕሮግራሙ የማይሸፍነውም አለ። የኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤቶች (በኤምዲ ፈንታ ዲኦ የተባለውን የሐኪምነት ዲግሪ የሚሰጡት) ማመልከቻ የተለየ ስለሆነ በዚህ አይካተትም። ትምህርት ቤቶቹ ከአምካስ በኋላ በሁለተኛው ዙር ማመልከቻ የሚጠይቁትን ክፍያ ብዙዎቹ ለፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች ቢተዉም ሁሉም አይተዉም፤ ስለዚህ የመረጧቸውን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ከመላክ በፊት እያንዳንዱን ትምህርት ቤት መጠየቅና ለዚሁ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ከወዲሁ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።