ቢትስታርስ፦ የኪራይ ቢት ለራፐር ያዋጣል?

አሜሪካዊው ራፐር ሊል ናስ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ2019 የቢልቦርድን የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ለ19 ሳምንታት የመራበትን ዘፈን ቢት (ራፐሩ የሚዘፍንበትን ሙዚቃ) ያገኘው ቢት ከሚገበያዩበት ድረ ገጽ ከቢትስታርስ በ30 ዶላር ነው። ገበያው ፈጣንና ርካሽ መሆኑ አያከራክርም። ግን በዚህ ዋጋ የሚገኘው ኪራይ እንጂ ባለቤትነት አይደለም። ያው ቢት ለሌሎችም ይከራያል፤ ከልባችሁ የጻፋችሁት ግጥም የሌላው ዘፈን በተሠራበት ዜማ ላይ ይወጣል። ራፕ የራስ ድምፅ ነው ለሚል ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ርካሹ ኤምፒ3 ፋይል ሁሉም ነገር አንድ ላይ የተጠቀለለበት ስለሆነ ቤዙ (ወፍራሙ የሙዚቃ ድምፅ) ድምፃችሁን ሲውጠው እሱን ብቻ ዝቅ ማድረግ አይቻልም። ትንሽ ጨምራችሁ ከበሮው፣ ቤዙና ዜማው ለየብቻ የተቀመጡበትን ግዙ። ውሉ ላይ ስንት ጊዜ መደመጥ እንደሚፈቀድ፣ መቼ እንደሚያበቃና ከግጥምና ዜማ መብቱ ፕሮዲውሰሩ (ቢቱን የሠራው ሰው) ስንት እንደሚወስድ አንብቡ። የኪራይ ቢትን ዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ (በቪዲዮዎች ውስጥ የተመዘገበ ሙዚቃን የሚለይ ሥርዓት) ላይ አታስመዝግቡ፤ ከሌሎች ተከራዮች ጋር ያጋጫል።

ሳምፕል (ከሌላ ሙዚቃ ተቆርጦ የገባ ድምፅ) ካለበትም ጠይቁ። በዚያ የ30 ዶላር ቢት ውስጥ ናይን ኢንች ኔይልስ የተባለው የሮክ ባንድ ሙዚቃ ነበረበት፤ ፈቃዱ የተጠየቀው ዘፈኑ ከተዛመተ በኋላ ነው።