ለሬንደር ማሽናችን ማቀዝቀዣ የመረጠችልን ባለሙያ ምስጋና ይድረሳት

ሰላም ወገን፣ በተለይ ሬንደር (ኮምፒውተሩ የስሪዲ ሥዕሉን ወይም ቪዲዮውን አስልቶ የሚያወጣበትን ሥራ) ለቃችሁ የምታድሩ አርክቴክቶች፣ ቪዲዮ ኤዲተሮችና የአኒሜሽን ልጆች። ዛሬ የምጽፈው መገናኛ አካባቢ ኮምፒውተር የምትገጣጥምና የምትጠግን አንዲት ወጣት ባለሙያ ለማመስገን ነው። ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገች አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ዋጋ ብትቀንስልኝ ኖሮ እዚያው አመስግኛት እወጣ ነበር። ይህን ሁሉ የሚያስጽፈኝ ልትሸጥልኝ ትችል የነበረውን ውድ ዕቃ “ለእርስዎ ሥራ አያስፈልግም” ብላ ማስቀረቷ ነው።

ቢሯችን የሕንፃ ስሪዲ ይሠራል። ሬንደሩን የምናወጣው በፕሮሰሰር ነው፤ ማታ ይለቀቃል፣ ጠዋት ይነሳል። አሮጌው ማሽን ስለደከመብን ኢንቴል ኮር አይ9 14900ኬ አስመጣን፤ 24 ኮር፣ 32 ትሬድ ያለው ነው። ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ በሰው እጅ ከውጭ መጡ፣ የቀረው ማቀዝቀዣው (ኩለሩ) ነበር። (ለማታውቁ፦ ስማቸው በኬ የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ኩለር አብሯቸው አይመጣም። ሳጥኑን ገልብጣችሁ አትድከሙ።)

የጠየቅኳቸው ሱቆች እንደተማከረ ሰው ያመላከቱኝ ባለ 360 ሚሊሜትር የውሃ ኩለር፣ መብራት የሚበራውን፣ ውዱን ነው። ለምን ስል “አይ9 እኮ ነው!” ከሚል በቀር ምክንያት የነገረኝ የለም።

ይቺ ልጅ ጋ ስሄድ ገና ስለ ፕሮሰሰሩ ሳታነሳ “ጋሼ፣ አንዱ ሬንደር ስንት ሰዓት ይፈጃል? ማሽኑ ያለበት ክፍል ማታ ተዘግቶ ነው የሚያድረው? ዩፒኤሱስ ምን ያህል ይይዛል?” ብላ ጠየቀችኝ (ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጊዜው በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ ነው)። ከዚያ ሜትር አውጥታ የኮምፒውተሩን ሳጥን (ኬዙን) ከማዘርቦርዱ እስከ ጎን ክዳኑ ለካች። ከ160 ሚሊሜትር በላይ ቁመት ያለው ኩለር አይገባበትም። ሁሉም የሚያወራለት የኦስትሪያው ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 ቁመቱ 165 ሚሊሜትር ስለሆነ እዚያው ወደቀ። ገዝቼው ብመጣ ኖሮ ክዳኑ አይዘጋም ነበር።

ቀጥሎ ያስረዳችኝን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ትንሽ ላብራራው። ኢንቴል ለዚህ ፕሮሰሰር ሁለት ቁጥር ጽፎለታል፤ መደበኛው 125 ዋት ነው፣ ጉልበቱን ሁሉ ሲያወጣ ደግሞ 253 ዋት። ሻጭ “ይሄ ኩለር ይችለዋል” ሲላችሁ የትኛውን ይዞ እንደሚያወራ ጠይቁት። ጉዱ ያለው ግን ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ለሙከራ የምታስቀምጠውን ኩለር ገጥማ ባዮሱን (የማዘርቦርዱን መሠረታዊ ማስተካከያ ፕሮግራም) ከፈተችና የዋት ገደቡን በጣቷ አሳየችኝ፦ 4096 ይላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ ያን ያህል አይበላም! ለካ ብዙ ማዘርቦርዶች ፕሮሰሰሩ የቻለውን ያህል እንዲስብ ገደቡን ከፍተው ይለቁታል። እንዲህ የተለቀቀ 14900ኬ ከባድ ሥራ ሲጀምር ከ300 ዋት በላይ ይስባል፣ 100 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ባለ 360 የውሃ ኩለርም ቢሆን በዚህ ሁኔታ ይጨናነቃል። ስለዚህ ኩለር ከመምረጥ በፊት ፕሮሰሰሩ ስንት ዋት እንዲበላ እንደምንፈቅድለት መወሰን አለብን አለችኝ። ሱቆቹ በሙሉ የዘለሉት ይህንን ነበር።

የውሃ ኩለር ይሻላል የሚለውንም አልካደችም። 253 ዋቱን ሙሉ ሌሊት ያለ ማቋረጥ ማውጣት የሚፈልግ ሰው ባለ 360 ራዲያተሩን (ውሃው በፋን የሚቀዘቅዝበትን) ይግዛ፣ ተገቢ ነው ብላለች። የውሃው ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ደግሞ ለአጭር ጊዜ ብድግ በሚል ጭነት ላይ ነው፤ ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ሙቀቱን ይውጥላችኋል። ለስምንትና ለዘጠኝ ሰዓት ሬንደር ግን ውሃው ቶሎ ይሞቅና የቀረውን ሥራ የሚሠራው ራዲያተሩና ፋኑ ነው። ፓምፑ ሌሊት ቢቆም ደግሞ ማንም አያየውም፣ ማሽኑም ከሥራ ይወጣል። እዚህ አገር ፓምፕ ለብቻው ገዝቶ መቀየር ዘበት ነው፤ ኩለሩ በሙሉ ይጣላል። የአየር ኩለር ሲሆን የሚበላሸው ፋኑ ብቻ ነው፤ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን የትም ሱቅ አለ።

ከሁሉ የገረመኝ ስለ አዲስ አበባ ከፍታ የነገረችኝ ነው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን አየራችን ስስ ነው፤ እፍጋቱ ጅቡቲ ወይም ዱባይ ካለው አየር ወደ አንድ አምስተኛ ያንሳል። ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው የአየር መጠን ያንሳል ማለት ነው። ዩቲዩብ ላይ የምናያቸው የኩለር ፍተሻዎች በአብዛኛው ዝቅ ባለ ቦታ የተሠሩ ስለሆኑ ቁጥራቸውን እንዳለ መውሰድ አይቻልም። የውሃውም ራዲያተር የሚቀዘቅዘው በዚሁ አየር ስለሆነ ከዚህ አያመልጥም። ደግነቱ የክፍላችን ሙቀት ከነዱባይ ጋር አይወዳደርም፣ ያው ይካካሳል። እኔ የሕንፃ ባለሙያ ሆኜ የአየር ማናፈሻ ስሌት ላይ ከፍታን ስንት ጊዜ አስገብቻለሁ፣ ኮምፒውተር ላይ ግን አስቤው አላውቅም!

የመረጠችልኝ ቴርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ ነው። ስድስት የመዳብ ሙቀት አስተላላፊ ቱቦዎችና ሁለት ፋን አለው፣ ቁመቱ 155 ሚሊሜትር ስለሆነ ኬዙ ውስጥ ልክ ገባ። ዋጋው ሱቆቹ ካቀረቡልኝ ኩለር ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ከዱባይ በሚመጣ ሰው አስመጣነው። አብሮ እንዲመጣ ያዘዘችኝ ሌላው ዕቃ ፕሮሰሰሩን በማዘርቦርዱ ላይ የሚይዘውን ብረት የሚተካ የአሉሚኒየም ፍሬም ነው። የዚህ ፕሮሰሰር ሶኬት፣ ኤልጂኤ1700 የሚባለው፣ መሃሉ ላይ ብቻ ስለሚጫን የፕሮሰሰሩ ክዳን በትንሹ ይጎብጣል፤ ያኔ ኩለሩ እኩል አያርፍበትም። ፍሬሙ ጥቂት ዲግሪ ብቻ እንደሚያተርፍ አስቀድማ ነግራኛለች፣ ተአምር አትጠብቁ ብላ።

የገጠመች ቀን አጠገቧ ቆሜ አየኋት። ፍሬሙን ስትገጥም አራቱን ብሎን በማዕዘን እያቀያየረች፣ እያንዳንዱን ሩብ ዙር ሩብ ዙር፣ በሁለት ጣት ብቻ አጠበቀች። ቴርማል ፔስቱን (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መሃል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ጨመቀች፣ የኩለሩን ታች የሸፈነውን ስስ ፕላስቲክ ላጠችና “ጋሼ፣ ይሄን ሳይልጡ የገጠሙ ሰዎች ስንቴ መጥተውብኛል” ብላ ሳቀች። ኩለሩን አስቀምጣ እንደገና አነሳችው፤ ፔስቱ ዳር ድረስ መድረሱን ካየች በኋላ ጠርጋ አዲስ ቀባች። እኔ ብሆን ያንን ፔስት አላባክንም ነበር።

ባዮሱን ከማደሷ በፊት ማሽኑን ዩፒኤስ ላይ ሰካችው። ባዮስ እየተጫነ መብራት ቢሄድ ማዘርቦርዱ አለቀለት። ማደሱ ደግሞ የግድ ነበር፤ ኢንቴል በ2024 የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደሚጎዱ አምኖ በነሐሴና በመስከረም ማስተካከያ አውጥቷል፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። ያገለገለ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ አይ7 እና አይ9 የምትገዙ ባዮሱ መቼ እንደታደሰ ሳትጠይቁ ብር አታውጡ። አንዴ የተጎዳ ፕሮሰሰር በማደስ አይድንም።

ከዚያ ገደቡን መጀመሪያ 253 ዋት አድርጋ ለቀቀችው። በዚህ ኩለር 100 ዲግሪ ነክቶ ፍጥነቱ መውረድ ጀመረ፤ ይህንንም እንዳይ ብላ ነው ያደረገችው። 200 ዋት ላይ ስታወርደው 85 ዲግሪ ገደማ ላይ ረጋ፣ ፋኑም ጩኸቱን ቀነሰ። የራሳችንን የሬንደር ፋይል በሁለቱም አስነሳንና አነጻጸርን፤ በ200 ዋት የዘገየው ከ10 በመቶ በታች ነው። ማታ ለሚሠራ ሥራ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቢያልቅ ወይም አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለእኔ ምንም አይደለም። ዩፒኤሱም ቀለል ብሎታል።

ሌሎቻችሁም ምን እንደሚሻላችሁ ጠይቄያት ነበር። ኤኤምዲ ራይዘን 9 9950ኤክስ ያላችሁ፣ በወረቀት 170 ዋት ቢባልም እስከ 200 ዋት ድረስ እንደሚስብ ያዙ፤ ባዮሱ ውስጥ ያለውን ኢኮ ሞድ (የዋት ገደቡን ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ) ብታበሩት ግን ጥሩ የአየር ኩለር ይበቃዋል። የራይዘን 9 7950ኤክስ ባለቤቶች 95 ዲግሪ ስታዩ አትደንግጡ፣ ሲሠራ እዚያ ድረስ እንዲደርስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ለጌም ብቻ ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ የያዛችሁ ልጆች ደግሞ 120 ዋት ላለው ፕሮሰሰር የውሃ ኩለር ልትገዙ ከሆነ ለመብራቱ እንደሆነ ለራሳችሁ እመኑ።

ቅሬታም አለኝ፣ ምስጋና ቢሆንም አልደብቀውም። ቴሌግራም ቶሎ አትመልስም። ሥራ ላይ ከሆነች ስልክም አታነሳም። ለፋን ማጣሪያ የገጠመችልኝ ወንፊት አቧራውን ይይዛል፣ ግን በሰፈራችን ግንባታ ምክንያት ቶሎ ቶሎ ይሞላል፤ ይህን አስቀድማ ብትነግረኝ ጥሩ ነበር። ስደውልላት “በየወሩ ያራግፉት” ብላ ዘጋችው፣ አለቀ።

የእጅ ዋጋዋ መጠነኛ ነው፣ ደረሰኝ ትቆርጣለች፣ ለቢሮ ለምትገዙ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዕቃ ሸጣ ማትረፍ ስለማትፈልግ ኩለሩን ራሳችሁ አምጡ፣ መግጠሙንና ማስተካከሉን ለእሷ ተዉላት። ቅዳሜ ወረፋ አለ፣ በሥራ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። ስትሄዱ ግን ኬዙን ይዛችሁ ሂዱ፤ ፎቶ ብትልኩላት “ሜትር በፎቶ አይለካም” ትላችኋለች።