ድሬዳዋ ከዚራ ያለው የራጅ ክፍል፦ የልጄ ዳሌ በትክክል የታየበት ፊልም

ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት በግራ እግሯ ታነክስ ነበር። አማቴ «እግሯ ሲጠና ይተዋታል» ይሉኝ ነበር፤ እኔ ግን ዳይፐር ስቀይርላት ግራ ጭኗ እንደ ቀኙ አልከፈት እያለኝ እጨነቅ ነበር።

መጀመሪያ የወሰድኳት ምርመራ ቤት እያለቀሰች በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንስቶ ሰደደን። የአጥንት ሐኪሙ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅሎ ወዲያው አወረደው። ዳሌዋ ተጣሞ በመነሳቱ አንዱ ጎን ሰፍቶ ሌላው ጠቧል፤ አያቷ ወገቧ ላይ ያሰሩላት ጨሌም ልክ መገጣጠሚያው ላይ አርፏል። «እህቴ፣ በዚህ ላይ ማዕዘን ብለካ የምነግርሽ ውሸት ነው» አለኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ልጄ በከንቱ ጨረር መቀበሏ አንገበገበኝ።

ሁለተኛውን ያስነሳሁት ከዚራ ባለ አንድ የግል ምርመራ ማዕከል ነው፤ የምጽፈውም ስለዚያ ነው። የራጅ ባለሙያው ለቅሶዋ እስኪበርድ ጠበቀን። ጨሌውን ክሩን ሳይበጥስ ፈትቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ፤ ዳይፐሯንም አስወለቀኝ። እኔን ጨረር የሚከላከል፣ የእርሳስ ብረት ያለበት ከባድ ሽርጥ አልብሶ ጉልበቶቿን አስያዘኝ። በድሬ ሙቀት ላቤ እየተንጠባጠበ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ከግራም ከቀኝም ዳሌዋን እያየ ያስተካክል ነበር። «የጉልበቷ ሎሚዎች ቀጥ ብለው ጣሪያውን ይዩ፤ እግሯ ወደ ውጭ እንዳይዞርብሽ» አለኝ። አንድ ጊዜ አነሳት፤ በቃ።

ሐኪሙ በዚህኛው ፊልም ላይ ማስመሪያና እርሳስ አወጣ። የጭኑ አጥንት ራስ የሚገባባቸውን ሁለቱን የዳሌ ጎድጓዳዎች የሚያገናኝ አግድም መስመር አሰመረ፤ ከጎድጓዳው የውጭ ጠርዝ ደግሞ ቁልቁል ሌላ መስመር አወረደ። የቀኝ ጭኗ አጥንት ራስ በመስመሮቹ ታችኛ ውስጠኛ ክፍል ተቀምጧል። የግራው አንሶ፣ ወደ ላይና ወደ ውጭ ሸሽቷል። የጎድጓዳው ተዳፋት በቀኝ 22 ዲግሪ፣ በግራ 36 ዲግሪ ሆነ። የግራው ጎድጓዳ ጣሪያ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የአጥንቱን ራስ ማቀፍ ሲገባው እንደ ዳገት ዘንበል ብሏል። ዲስፕላዥያ የሚሉት ይህንን መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ተደረገላት። የተሰራላት በካናዳዊው ሐኪም በሮበርት ሳልተር ስም የሚጠራው ነው፦ የወጣውን ራስ ወደ ቦታው መልሰው፣ ከጎድጓዳው በላይ ያለውን አጥንት ቆርጠው ጣሪያውን ወደ ፊትና ወደ ውጭ ያዘነብሉታል። ክፍተቱን ከራሷ ዳሌ በተወሰደ ቁራጭ አጥንት ደግፈው በሽቦ ያሰሩታል። ስድስት ሳምንት ከደረቷ ጀምሮ በጀሶ ታሰረች። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አላወራም።

ለክትትል የተመለስነው ወደዚያው ወደ ከዚራው ባለሙያ ነው። የፊተኛውን ፊልም አምጡ ብሎ በዚያው አቋቋም አነሳት፤ ሐኪሙም ጎን ለጎን ሰቅሎ ሲለካ ግራው 23 ዲግሪ ሆነ። ሁለቱ ፊልሞች ባይመሳሰሉ ኖሮ ይህ ቁጥር ምን ዋጋ ነበረው?

የሚያስከፋኝ ነገርም አለ። መጠበቂያው ጠባብ ነው፤ ረፋድ ላይ ሕፃን ታቅፎ መቆም ግድ ይሆናል። የጽሑፍ ውጤቱም «በግራ ዳሌ ዲስፕላዥያ ይታያል» ከማለት በቀር ማዕዘኑን አይጠቅስም። ዋጋው ከሌላው ትንሽ ከፍ ይላል፤ እኔ ግን አልተቆጨሁበትም።

አራት ወር ያልሞላው ሕፃን ያላችሁ እናቶች ለራጅ አትቸኩሉ። በዚያ ዕድሜ የጭኑ አጥንት ራስ ገና ለስላሳ ስለሆነ በራጅ አይታይም፤ አልትራሳውንድ ጠይቁ። በተለይ ልጃችሁ በቂጧ የመጣች ወይም በቤተሰባችሁ የዳሌ ችግር ያለ ከሆነ አትዘግዩ። ወደ ከዚራ ስትሄዱ በጠዋት ድረሱ፤ ጨሌም ሆነ ክታብ ካለ ቤት ፈትታችሁ ውጡ፤ የቀድሞ ፊልም ካላችሁም ያዙ።