«ከነ 30 ጌሙ» የሚሸጥ ፒኤስ 4 ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት

ሱቁን ስም ባልጠራውም ታውቁታላችሁ። የህንፃ ምድር ቤት፣ መስታወቱ ላይ «ጌም እንጭናለን» የሚል ወረቀት፣ ግድግዳው ላይ ቀኑን ሙሉ ኳስ የሚጫወት ቲቪ፣ ባንኮኒው ላይ የጆይስቲክ ክምር። የፒኤስ 4 (የሶኒ ኩባንያ የጌም ማሽን) ዋጋ ስትጠይቁ ስለ ማሽኑ ዕድሜም ሆነ ስለ ሃርድ ዲስኩ ማንም አያወራም። «ከነ 30 ጌሙ ነው፣ ሙሉ ነው» ይባላል፣ በቃ።

ዛሬ ጠዋት አንዲት እናት ቅዳሜ ለልጃቸው የገዙትን ማሽን በፌስታል ይዘው ተመለሱ። ቤት ሲሰካ ጌሞቹ ስማቸውም ሥዕላቸውም በቦታው አለ፤ ነገር ግን ሁሉም ላይ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ተለጥፎባቸዋል፣ አንዱም አይከፈትም። ቅዳሜ «እርስዎ ምንም አያስቡ እናቴ፣ ወስደው መሰካት ብቻ ነው» ያላቸው ሻጭ ዛሬ ከስልኩ ቀና አላለም።

«አጥፍታችሁት ነዋ! ማን አጥፉት አለሽ?»

ከዚያ ከቁልፉ ጋር ያንጠለጠላትን ፍላሽ አወጣ። ማሽኑን ሰካና እሳቸው እንዳያዩ ቲቪውን ወደ ራሱ አዞረ። አንድ ሁለት ደቂቃ ነካካ። ቁልፎቹ ጠፉ፣ ኳሱ ተከፈተ።

«200 ብር።»

«ለምኑ?»

«ለመክፈቻ። በጠፋ ቁጥር ነው።»

«መብራት ቢሄድስ?»

«ያው ነው፣ ይዘሽ መምጣት ነው።»

ፍላሿን ሽጥልኝ ቢሉት 3,000 አላቸው። ገንዘቤን መልስና ማሽንህን ውሰድ ቢሉት ስቆ ዝም አለ። በመጨረሻ ደረሰኝ ሲጠይቁ ወደ ጓደኛው ዞሮ ጮክ ብሎ፣ «ለተሰረቀ ጌም ደረሰኝ ትላለች እኮ! ሂጂና ሶኒን ክሰሺ!» አለ። ሱቁ ሙሉ ሰው ሳቀ።

ቅዳሜ አንድ ጊዜ እንኳ «የተሰረቀ» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

እሳቸው ያልተነገራቸው ነገር ይሄ ነው። ጄልብሬክ የሚባለው፣ ሶኒ ያልፈቀደውን ጌም የሚያስነሳው መክፈቻ፣ ማሽኑ ውስጥ ተጭኖ የሚቀር ነገር አይደለም። ሲስተሙ ላይ በተገኘ ቀዳዳ ይገባል፣ ራም በሚባለው ጊዜያዊ ማህደር ላይ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ወይም ሶኬት ሲነቀል አብሮ ይጠፋል። የተጫኑት ጌሞች ሃርድ ዲስኩ ላይ እንዳሉ ናቸው፣ ግን የሶኒ ፈቃድ ስለሌላቸው ያለ ጄልብሬክ ማሽኑ አይቀበላቸውም። ቁልፉ የሚመጣው ለዚህ ነው። ሱቅ ውስጥ ማሽኑ ሳይጠፋ ሬስት ሞድ (እንቅልፍ) ላይ ያድራል፣ ብርቱካናማ መብራት የሚያበራበት ማለት ነው፤ በዚያ ሁኔታ ጄልብሬኩ አይጠፋም። ሻጩ ሲያሳያችሁ አስቀድሞ የተከፈተ ነው። ሶኬቱን ነቅሎ ካርቶን ውስጥ የከተተው ጊዜ ነገሩ አልቋል። እሱ ይህን አሳምሮ ያውቃል። መብራት እንደኛ ሰፈር በሚሄድበት ከተማ ይህን ሳይናገር መሸጥ መርሳት ሊባል አይችልም፤ ደንበኛን አስሮ ማስቀረት ነው።

ያቺ የ3,000 ብር ፍላሽ ደግሞ ማንኛዋም ፍላሽ ናት። የሲስተማቸው ቁጥር 9.00 የሆነ ማሽኖች የሚከፈቱት በእሷ ነው፤ የሚጫንባት ፋይልና መመሪያው ከታህሳስ 2014 ጀምሮ በነፃ ተለቋል። 11.00 የሆኑት በየጊዜው ፍላሽም አይፈልጉም፣ ከላፕቶፕ በኔትወርክ ገመድ ይከፈታሉ። ያንን ቀዳዳ ፒኤስ 4 ላይ ያገኘው አንዲ ንጉየን የሚባል የደህንነት ተመራማሪ ለሶኒ አሳውቆ፣ ሶኒ ከደፈነው በኋላ በሚያዝያ 2016 ለሁሉም በነፃ አሳተመው። ጌሞቹን የሚያስነሳው ጎልድሄን የሚባለው ፕሮግራምም በነፃ የሚወርድ ነው። እንግዲህ ባለሱቃችን በየመብራቱ 200 የሚቆርጠው እሱ አንድ መስመር ያልጻፈበትን፣ ባለቤቶቹም ያልሸጡትን ነገር ነው።

መክፈቻው አንዳንዴ በመጀመሪያ ሙከራ አይሳካም፤ ማሽኑ ደርቆ ራሱን ያጠፋል፣ እንደገና መሞከር ነው። ችግሩ በተደጋጋሚ መሃል ላይ ሲጠፋ የሃርድ ዲስኩ መዝገብ ሊበላሽ ይችላል። ይሄኔ «ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏል» ተብሎ ሌላ ብር ይጠየቃል። አትክፈሉ፤ አስቀድማችሁ ይህን ሞክሩ። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ የማብሪያውን ቁልፍ ሁለተኛው ድምፅ እስኪሰማ 7 ሰከንድ ያህል ያዙት፣ ጆይስቲኩን በገመድ አገናኙ፣ ከሚመጣው ዝርዝር 5ኛውን ምረጡ። መዝገቡን እንደገና ይሠራል፣ ጌም አያጠፋም። 6ኛውን እና 7ኛውን ግን እንዳትነኩ፣ ሁሉንም ነው የሚያጠፉት።

«ኦንላይንም ይሠራል» የሚሉት ነጭ ውሸት ነው። ፒኤስኤን (የሶኒ ኦንላይን አገልግሎት) ለመግባት ማሽኑ የመጨረሻውን አፕዴት ይጠይቃል፤ አፕዴት ከተደረገ ደግሞ 9.00 ወይም 11.00 የለም፣ ወደ ኋላ መመለስም የለም። ስለዚህ የኳሱ የዝውውር ማሻሻያ አይመጣም። ኤፍሲ 24 ላይ ኤምባፔ እስከ ዕለተ ሞቱ ፓሪስ ነው። አዲስ ኦርጅናል ሲዲ ገዝታችሁ ብትከቱበት ሲዲው ራሱ አፕዴት ሊጠይቅ ይችላል፤ እሺ ካላችሁ በሐቅ የከፈላችሁበት የመጀመሪያው ጌም 30ዎቹን ገደላቸው ማለት ነው።

አሁን «ታዲያ ጌም በነፃ ማውረድ ምን ኃጢአት አለው፣ እኛ ብንፈልግስ የት እንገዛለን?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ኢትዮጵያ ሶኒ ፒኤስኤን በሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር የለችም፤ አካውንት የሚከፍተው ሁሉ አሜሪካ ነኝ፣ ዱባይ ነኝ እያለ ነው። ተራ የብር ካርድ እዚያ አይሠራም። ሻጭ ለሌለው ዕቃ ገዢውን ሌባ ማለት ይከብዳል፣ እኔም አልልም። ለራሱ አውርዶ ከሚጫወት ልጅ ጋር ያለኝ ክርክር ሌላ ቀን ይደርሳል። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ሳንቲም አያገኙም፣ ይህ ሐቅ ነው፤ ግን ቢያንስ ልጁ ማንንም አላታለለም። ባለሱቁ የሚያደርገው ሌላ ነው። ሙሉ ዋጋ ይቀበላል፣ ለሠሪው ምንም አይሰጥም፣ ለገዢውም ዋስትና የለውም። ገዢው ሲያማርር ደግሞ የጌሙን ስርቆት አንስቶ አፉን ያዘጋዋል። ትርፉ ያለው ጌሙ ላይ አይደለም፤ እፍረታችሁ ላይ ነው። የሰረቀው እሱ፣ የሚያፍሩት እሳቸው!

በሕግም ቢሆን እንዲህ አይደለም። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ ለንግድ አባዝቶ የሚሸጠው ነው ቀድሞ የሚጠየቀው። ማሽኑ ደግሞ ዕቃ ነው፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። «ሶኒን ክሰሺ» የሚለው ገዢው ይህን እንዳያነብ ነው።

በቴሌግራም «ኦርጅናል አካውንት» (ጌም የተገዛበት የፒኤስኤን አካውንት) የሚሸጡትም ዘመዶቻቸው ናቸው። አንዱን አካውንት ለብዙ ሰው ሸጠው፣ በ6 ወር አንዴ ሁሉንም ማሽን ከአካውንቱ የሚያላቅቀውን ቁልፍ ይጫኑና እንደገና ይሸጡታል። ያው የቁልፍ ምልክት፣ ያው «አጥፍታችሁት ነው»።

የግድ የምትገዙ ከሆነ፦ ሴቲንግ ገብታችሁ የሲስተሙን ቁጥር እዩ። ከዚያ ሻጩ ፊት ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ፣ መልሳችሁ ሰኩና «አሁን ክፈትልኝ፣ እኔም ልይ» በሉት። ቁጥሩ 9.00 ሆኖ ፍላሿ ከማሽኑ ጋር ካልተሰጠች ውጡ። ማሽኑን ባዶውን ከነደረሰኙ መግዛት ይሻላል፤ ኳስ ብቻ ለሚፈልግ ልጅ ኢፉትቦል የሚባለው ጌም ከ2014 መግቢያ ጀምሮ በነፃ ነው፣ የሚፈልገው ኢንተርኔትና የፒኤስኤን አካውንት ነው።