ጀበና፣ ሞካ ወይስ ማሽን? ለቤታችሁ ቡና ማፍያ ስትመርጡ

እህቴ በቅርቡ አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ገባች። ዕቃ ስታሟላ ደወለችልኝ። «ቡና ማፍያ ምን ልግዛ? ጀበና ለብቻዬ ይከብደኛል፤ የማሽኑ ዋጋ ደግሞ አይቀመስም» አለችኝ። ወዲያው አልመለስኩላትም። «ጠዋት ስንት ሰዓት ትወጫለሽ? ከማን ጋር ነው የምትጠጪው? ምድጃሽስ ምን ዓይነት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። እናንተም ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን ሦስቱን ለራሳችሁ መልሱ። ብዙ ሰው ማሽን ገዝቶ ቁም ሳጥን ላይ የሚሰቅለው ይህን ሳያስብ ስለሚገዛ ነው።

ጀበና

ሰው ለመሰብሰብ ከሆነ ጀበናን የሚተካ የለም። ከአንድ ጀበና አቦል፣ ቶናና በረካ ይወጣል፤ በዚያው ቡና አንድ ቤት ሙሉ ሰው ሦስት ዙር ይጠጣል። ሌላው ማፍያ ይህን አይችልም። ዋጋውም ከሁሉም ያነሰ ነው። የሚጠይቀው ጊዜ ነው። ፈልቶ፣ ወርዶ፣ አተላው ረግቶ እስኪቀዳ ድረስ ይጠበቃል። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ የሚጠብቀው ሰው በየቀኑ አይችለውም።

ጀበና ሲገዛ ዝም ብሎ መልኩ አይታይም። ቀጨኔ ከሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር የገዛሁትን አልረሳውም። የሸጡልኝ እናት መጀመሪያ በጣታቸው አንጓ መታ መታ አደረጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። «የታፈነ ድምፅ ካለው ተሰንጥቋል፣ አትውሰድ» አሉኝ። ከዚያ ውሃ ሞሉና አዘንብለው ቀዱት። ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ወረደ፤ ቀና ሲያደርጉት በአንገቱ በኩል አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ጥሩ ጀበና የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ስትገዙ ውሃ አስሞሉና ራሳችሁ ቅዱበት።

አዲሱን ጀበና ሳታሟሹ እንግዳ አትጥሩ። የቡና አተላና ውሃ ጨምራችሁ ሁለት ሦስቴ አፍሉና ድፉት። ሳሙና አታስነኩት፤ ሸክላ ሽታ ይመጥጣል። የጋለ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰሳችሁ ይሰነጠቃል። ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ከሆነም ከዝቅተኛው ሙቀት ጀምሩ።

ስለ ከሰል አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አይቀጣጠልም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሳይታወቅ ይገድላል። በረንዳ ላይ አቀጣጥሉት፤ ቤት ስታስገቡትም መስኮቱንና በሩን ክፈቱ። ቤታችሁ አየር የማያስገባ ከሆነ ከሰሉን ተዉትና በምድጃ አፍሉ።

ሞካ

ሞካ ያቺ ስምንት ማዕዘን ያላት የአሉሚኒየም ማፍያ ናት። ጣሊያናዊው አልፎንሶ ቢያሌቲ እ.ኤ.አ. በ1933 ካወጣት ወዲህ መልኳ ብዙም አልተለወጠም። ከታች ውሃ፣ መሃል ቡና ነው። ውሃው ሲሞቅ በእንፋሎቱ ግፊት ወደ ላይ ይወጣል፤ ቡናውን አልፎ ላይኛው ክፍል ይጠራቀማል። ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይበቃታል። ቡናዋ ወፈር ያለ ስለሆነ ወተት ይችላል። ቤት ውስጥ ለማክያቶ ከማሽን ቀጥሎ የምትቀርበው እሷ ናት። ግን ኤስፕሬሶ ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ። ማሽን በ9 ባር ግፊት ነው የሚያወጣው፤ የሞካ ግፊት 2 ባር እንኳ አይሞላም።

ስትገዙ መጠኗን አስቡ። ባለ 3 ሲኒ፣ ባለ 6 ሲኒ እየተባለች ትሸጣለች፤ ሲኒው እንደኛው ሲኒ ትንሽ ነው። ባለ 6ቷን ገዝቶ ግማሽ እየሞሉ ማፍላት አይሆንም፤ ቡናው ተበላሽቶ ይወጣል። ብቻውን ለሚጠጣ ሰው ባለ 3ቷ ትበቃለች። ቀጥሎ ምድጃችሁን እዩ። በማግኔት ኃይል የሚያሞቀው ኢንደክሽን ምድጃ ተራውን የአሉሚኒየም ሞካ አያሞቅም። ለዚያ የማይዝገውን ብረት ፈልጉ። ሱቅ ስትሄዱ ትንሽ ማግኔት ያዙና ከታች አስጠጉት፤ ከያዘ ትሠራለች። ጋዝ ላይ ደግሞ ትንሿ ሞካ በምድጃው ብረት መሃል ትንሸራተታለች፤ የምትቀመጥበት ነገር ያስፈልጋታል።

ጎሚኒዋ ከጊዜ ብዛት ይደርቃል። ያኔ እንፋሎቱ በጎን ያመልጥና ቡናው ወደ ላይ አልወጣ ይላል። መለዋወጫ ጎሚኒ የሌላትን ሞካ ረከሰች ብላችሁ አትግዙ።

ፍሬንች ፕሬስና ወረቀት

ፍሬንች ፕሬስ ቡናውን ወደ ታች የሚጫን ወንፊት ያለው የብርጭቆ ማፍያ ነው፤ ሙያ አይጠይቅም። ለአንድ ሊትር ውሃ 60 ግራም ያህል ቡና ጨምሩ፣ አራት ደቂቃ ጠብቁ፣ ተጫኑት፣ ቅዱ። ለሦስት አራት ሰው በአንዴ ይደርሳል። ግን በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና አይወድም። ወንፊቱ ደቃቁን ዱቄት ያሳልፈዋል፤ ሲኒው ሥር ጭቃ ይቀራል። ሻከር ተደርጎ የተፈጨ መሆን አለበት። ብርጭቆውም ቶሎ ይሰበራል።

የወረቀት ማጥለያ የመጣው ከጀርመን ነው። ሜሊታ ቤንትዝ የምትባል የቤት እመቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ከልጇ ደብተር የቀለም መምጠጫ ወረቀት ቀድዳ ጀመረችው። ቡናው ጥርት ብሎ ስለሚወርድ የታጠበ ይርጋጨፌን እኔ በዚህ ነው የምወደው፤ የአበባው ጠረን ቁልጭ ብሎ ይታወቃል። ሌላም ጥቅም አለው። ሳይጠለል በሚጠጣ ቡና ውስጥ ኮሌስትሮል የሚጨምር ቅባት አለ፤ ወረቀቱ አብዛኛውን ያስቀረዋል። ኮሌስትሮል አለባችሁ የተባላችሁ ሰዎች ይህን አስቡበት። ችግሩ ወረቀቱ ማለቁ ነው። የማጥለያውን ልክ እወቁና በርከት አድርጋችሁ ግዙ።

ስለ ውሃው ደግሞ ብዙ የውጭ መመሪያ «ከፈላ በኋላ ትንሽ ይቀዝቅዝ» ይላል። አዲስ አበባ ላይ ይህን አትስሙ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቡና የሚፈልገውም ከ90 እስከ 96 ያለውን ነው። እንደፈላ ወዲያው አፍስሱት። ዱባይና ቴል አቪቭ ያላችሁ ግን ውሃችሁ 100 ላይ ስለሚፈላ ግማሽ ደቂቃ ታገሱ።

የኤሌክትሪክ ማሽን

አንድ ዘመዴ ከአሜሪካ የሚያንጠባጥብ ማሽን፣ ማለትም ሙቅ ውሃ በተፈጨ ቡና ላይ እያንጠባጠበ የሚያጠልል፣ ይዘውልኝ መጡ። ደስ ብሎኝ ሳላነበው ሰካሁት። አንዴ ጭስ አለና ቀረ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የኛ 220። ዘመድ ማሽን እንዲያመጣ ከጠየቃችሁ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። 120 ብቻ ከሆነ ይቅር በሉ። ትራንስፎርመር ይፈታዋል የሚል አለ፤ ግን ማሽኑ 1,000 ዋት ገደማ ስለሚስብ ትራንስፎርመሩ ከዚያ የሚበልጥ አቅም ያለው፣ ከባድና ውድ ይሆናል።

ከሚያንጠባጥቡት ውስጥ ማሰሮው ፔርሙስ የሆነውን ምረጡ። ከሥር የሚያሞቅ ሳህን ያለው ቡናውን እያበሰለ መራራ ያደርገዋል።

ኤስፕሬሶ ማሽን ካሰባችሁ ካርቶኑ ላይ ያለው «15 ባር» አያጓጓችሁ፤ ቡናው የሚፈልገው 9 ነው። ርካሹ ማሽን ካፌ የለመዳችሁትን አይሰጣችሁም። ደህናውም ቢሆን ደህና መፍጫ ይፈልጋል፤ ወጪው እጥፍ ይሆናል። ቡናው በትንሽ ማሸጊያ ታሽጎ የሚገባበትን ባለ ካፕሱሉን ማሽን አልመክርም። ካፕሱሉ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ሲጠፋም ማሽኑ ሥራ ይፈታል። ደግሞም መብራት ሲሄድ ማሽን ሁሉ ይቆማል፤ ሞካና ጀበና ጋዝ ላይ ይሠራሉ።

መፍጫውን አትርሱ

ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ከማፍያው ላይ ቀንሱና መፍጫው ላይ ጨምሩ። ባለ ምላጩ ቡናውን ይቆራርጠዋል እንጂ እኩል አይፈጨውም። ጥርስ ያለው የእጅ መፍጫ ይሻላል፤ መብራትም አይፈልግም። መፍጫ ካልቻላችሁ ቡና ቆልተው ከሚሸጡ ቤቶች «ለሞካ ነው»፣ «ለፍሬንች ፕሬስ ነው» ብላችሁ አስፈጩ። ለሳምንት የሚሆናችሁን ብቻ ግዙ።

እህቴ በመጨረሻ ባለ 3 ሲኒ ሞካ ገዛች። ጀበናዋን እሁድ እሁድ ጎረቤቶቿን ስትጠራ ታወጣለች። በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። «መረረኝ፣ ይሄ ነገር አይሆንም» አለች። ምድጃውን ስንት ላይ እንዳደረገችው ጠየቅኳት። መጨረሻው ላይ ነበር። «ዝቅ አድርጊው፤ ክዳኗን ከፍተሽ እያየሽ ጠብቂ። ቡናው ቀለሙ ነጣ ብሎ መንጎርጎር ሲጀምር አውርጃት፤ ቡናውን ስትሞዪም አትጠቅጥቂው» አልኳት። በማግስቱ ከሥራ በፊት አንድ ሲኒ ፎቶ ላከችልኝ። ከሥሩ «ዛሬስ ሆነ» ብላ ጽፋበታለች።